የመምህር እንድሪስ ጠርሙሶች

ኅዳር በገባ ሰሞን፣ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የግቢያችንን በር ስከፍት የቅሬው ጠሪ ከታችኛው መንገድ ሲጮህ ሰማሁ። በእኛ በሐይቅ ከተማ ቅሬ ማለት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሞቱን አብሮ የሚቀብርበት የሰፈር ማኅበር ነው። ጠሪው በጠዋት ከጮኸ ሰው ሞቷል። የማን ስም እንደሚጠራ እጄን በሩ ላይ እንዳደረግሁ ቆሜ ጠበቅሁ። መምህር እንድሪስ አርፈዋል፣ ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው አለና ወደ ላይኛው ሰፈር አለፈ።

እኔ ያን ጠዋት በር የከፈትሁት ወደ እሳቸው ቤት ልሄድ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ሲጠብቁት የነበረ አንድ ነገር ነበረ፤ እሱን ልነግራቸው ነበር።

መምህር እንድሪስ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ኪሱ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ። ስለ ትንሽ ነገር ሲያወሩ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አጋጥመው ወደ ብርሃን ያነሱና በጣቶቻቸው መሐል አሾልከው ያያሉ። "ከዚህ ያነሰ" ይላሉ። ጣቶቹ መሐል ምንም ክፍተት የለም፤ እሳቸው ግን የሆነ ነገር የሚታያቸው ይመስላል። ክፍሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር፤ መጨረሻ ወንበር ተቀምጬ ጣቶቻቸውን አያለሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን አንድ ቀን የጎመን ቅጠል ይዘው ገቡ። ከጓሯቸው የቆረጡት ነበር፤ ጠዛው አልደረቀም። ወደ ላይ ከፍ አድርገው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጠየቁን። አረንጓዴ አልን። "ቅጠሉ አረንጓዴ አይደለም" አሉ። "አረንጓዴው እንግዳው ነው።"

ከዚያ በኋላ የነገሩንን እስከ ዛሬ በራሳቸው ቃል አስታውሰዋለሁ። ጥንት፣ ቅጠል የሚባል ነገር ሳይኖር፣ በውሃ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ትንሽ ባክቴሪያ ነበር። ፀሐይ እየሞቀ ምግቡን ራሱ ያበስላል። አንድ ከሱ የሚተልቅ ሴል መጣና ዋጠው። ለምሳ ነበር የዋጠው። ግን ሳይፈጨው ቀረ። ለምን እንዳልፈጨው ማንም አያውቅም፤ "ምናልባት ጠግቦ ይሆናል" ብለው ራሳቸው ሳቁ። የተዋጠው በዋጪው ሆድ ውስጥ ምግብ ማብሰሉን ቀጠለ፤ ተካፍለው በሉ፤ ልጅ በልጅ እየተተካ አብረው ኖሩ። ክሎሮፕላስት የምንለው እሱ ነው። በየቅጠሉ፣ በየሣሩ፣ በጤፉም በማሽላውም ያለው አረንጓዴ ሁሉ የዚያ የአንድ ቀን ምሳ ዘር ነው።

ማስረጃ ሲሉ ደግሞ ጣታቸውን ይቆጥራሉ። ክሎሮፕላስት ሁለት ሽፋን አለው፤ እንደ ተዋጠ ነገር ተጠቅልሎ ነው ያለው። ከሴሉ የተለየ የራሱ ዲኤንኤ አለው። እንደ ባክቴሪያ ለሁለት እየተከፈለ ይራባል። ሴሉ ክሎሮፕላስቱን ጨርሶ ካጣ ደግሞ አዲስ ሊሠራ አይችልም። "ያጣ አጣ" ይላሉ። "ከየት ያመጣዋል?"

አንድ ተማሪ እጁን አወጣና ታዲያ አላህ ፈጠረው ነው የሚሉን ወይስ ተዋጠ ነው ብሎ ሊያፋጥጣቸው ሞከረ። የመምህር እንድሪስ አባት በአካባቢው ሰው ለዱዓ የሚመጣላቸው ስመ ጥር ሸህ እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ መልሱን ለመስማት ክፍሉ ሁሉ ወደ ፊት ዘንበል አለ። እሳቸው አልተቆጡም። "እኔ የምነግርህ እንዴት እንደገባ ነው" አሉት። "በሩን ማን እንደከፈተለት አባቴን ብትጠይቃቸው ይሻል ነበር፤ እሳቸው ግን አርፈው ቀደሙህ።"

ጦርነቱ ከተማችን በደረሰ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ባዶውን ቀረ። ሰው ሲመለስ ከወዳደቀው ዕቃ መሐል አንድ ማይክሮስኮፕ ተገኘ፤ መብራቱ ተሰብሯል፣ ገመዱ የለም። አይሠራም ተብሎ ሊጣል ሲል መምህር እንድሪስ ለምነው ወሰዱት። ከተጋጨ ባጃጅ የወለቀ መስታወት በመጠኑ አስቆርጠው ከሥሩ አሰሩበት፤ ፀሐይ ስታርፍበት ብርሃኗን ወደ ላይ ይልካል። መብራት ቢኖር ባይኖር ግድ የለውም። ፀሐይ ከሌለች ግን ምንም አይታይም።

ጡረታ ወጥተው ነበር። ስኳር በሽታዬ ግን ጡረታ አልወጣም ይላሉ። መጀመሪያ ቀኝ ዓይናቸውን፣ ኋላ ግራውን እያደበዘዘ ወሰደው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ ሥራ ስጠብቅ ቤት የተቀመጥሁት በዚያው ጊዜ ነው። የቅጥር ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ወደ ቤት ስመለስ አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በዱላቸው ድንጋይ እየነካኩ ይሄዱ ነበር። ሰላም ስላቸው በድምፄ አልለዩኝም፤ ትዕግሥት ነኝ፣ መጨረሻ ወንበር እቀመጥ የነበረችው አልኋቸው። "ዓይንሽ ይሠራል?" አሉኝ። አዎ አልሁ። "እንግዲያው ነይ" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

ከታላቅ እህታቸው ከእትዬ ዘሀራ ጋር ይኖሩ ነበር። በምዕራብ በኩል ባለው መስኮታቸው ላይ ማርማላታ ያለቀባቸው አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። በየጠርሙሱ ሥር ከሐይቁ የመጣ ደለል፣ በላዩ ውሃ፤ አንዳንዱ አረንግዷል። በየጠርሙሱ ላይ የጭቃው መገኛ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ታይቶ ያለቀው ደግሞ ከስሙ ሥር አንድ ቃል ተጨምሮበታል፦ አልታየም።

የሚፈልጉትን ነገሩኝ። ያ የጥንቱ ምሳ በዓለም ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር ይመስል ነበር። ኋላ ግን ፈረንጆች ከአንድ ወንዝ ደለል ውስጥ በዓይን የማትታይ አንዲት ፍጥረት አገኙ። እንቁላል የመሰለ ቅርፊት ለብሳለች፤ ቅርፊቱ እንደ ጡብ የተደረደረ ነው። በሆዷ ሁለት እንደ ባቄላ የጎበጡ ሰማያዊ አረንጓዴ ነገሮች ይዛለች። ከቅጠሎቹ ዘር ጋር ዝምድና የላትም፤ ብቻዋን፣ በራሷ ጊዜ፣ ሌላ ባክቴሪያ ውጣ ሳትፈጨው የቀረች ናት። ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮች ውሃዎችም ተገኝታለች። "በእኛ ሐይቅስ?" አሉ መምህር እንድሪስ። "የለችም ይሉሻል። አልተገኘችም ማለትና አልተፈለገችም ማለት ለየቅል ነው። እዚህ ማን ፈልጎ ያውቃል?"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተለወጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ የጨዋታ እንዳልሆነ ገባኝ። ከራሳቸው የቀረው ያ ብቻ ነበር። ዓይናቸው ሄዷል፣ ኩላሊታቸው እየሄደ ነው፣ ያስተማሯቸው ልጆች ግማሹ ወደ ዓረብ አገር ግማሹ ወዳልታወቀ ቦታ ተበትኗል። አንዲት በጭቃ ውስጥ ያለች ነገር ከመሞታቸው በፊት እንድትታይላቸው ፈለጉ።

የአሠራር ሕግ ነበራቸው። ማይክሮስኮፑ ሥር ለሚገባው የስላይድ መስታወት ውሃ የምቀዳው ባለቀ የዓይን ጠብታ መድኃኒታቸው ብልቃጥ ነው፤ ዓይናቸውን ያላዳነው ብልቃጥ ቢያንስ ይህን ይሥራ ብለው ነበር የሰጡኝ። አንዴ የታየች ጠብታ እስክትደርቅ አትቆይም፤ ወደ መጣችበት ጠርሙስ ትመለሳለች። እንግዳ ከነነፍሱ ይሸኛል ይላሉ። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ይበልጥ የጠነከረ ነበር፦ ደግመሽ ሳታዪ አየሁ አትበይ። በሌላ ብርሃን፣ በሌላ ሰዓት፣ ልብሽ ከረጋ በኋላ ደግመሽ እዪ።

እኔ በተፈጥሮዬ የምጠራጠር ሰው ነኝ፤ ሕጉ አልከበደኝም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ መስኮቱ ስትዞር እቀመጣለሁ። እሳቸው በሚቀጥለው ክፍል አልጋቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። መሽቶ ዕቃውን ስከድን "ዛሬስ?" ይላሉ። የለም ቲቸር፣ እላለሁ። "እሺ" ይላሉ። እሺታቸው ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ ሄደ። አንድ ቀን፣ እግራቸው አብጦ ሲያቃስቱ በዋሉበት ቀን፣ የለም ስላቸው እሺ አላሉም። "እስቲ አንድ ቀን ዋሺኝ" አሉ። ብልቃጡን ማጠብ ጀመርሁ። በኋላ ራሳቸው "ተይው" አሉ። "ብትዋሺኝም አውቅብሻለሁ። ስትዋሺ ድምፅሽ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ትዕግሥት አይደለችም እላለሁ።"

የሰፈሩ ሰው ስለ ጠርሙሶቹ የራሱ ሐሳብ ነበረው። የሸህ ልጅ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ፣ ጽፎበት፣ መስኮት ላይ አስቀምጦ የሚጠብቀው ለምንድን ነው? ዱዓ የተደረገበት ነው እንጂ። አንዲት እናት የሚያተኩሰውን ልጇን አዝላ መጥታ ከአረንጓዴው ትንሽ እንዲሰጧት ለመነቻቸው። መምህር እንድሪስ ደንግጠው ከአልጋቸው ተነሡ። ይሄ ሆዱን ያስቀምጠዋል እንጂ አያድነውም ብለው፣ ዱላቸውን ይዘው እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ አብረዋት ሄዱ። ሲመለሱ ደክመው ነበር፤ አባቴ በዱዓ ያዳኑትን ሰው እኔ በጭቃ ልጨርሰው ነበር አሉኝ።

እትዬ ዘሀራ ግን አላመኗቸውም። ፊደል አልቆጠሩም፤ ወንድማቸውን ግን ያውቃሉ። "ምንም ከሌለበት እንደ ዓይንህ ብሌን የምትጠብቀው ለምንድን ነው?" ብለው ሲጠይቋቸው ሰምቻለሁ። "ምንም ስላልተገኘበት ነው እኮ፣ እታለም" አሉ። እትዬ ዘሀራ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚደበቅ ነገር እንዳለ ነው የተረዱት።

የመጨረሻውን ጠርሙስ የቀዱት ራሳቸው ናቸው። ከሐይቁ ዳር ገዳሙ ባለበት በኩል፣ ሴት በማትገባበት ዳርቻ፣ ደንገሉ ሥር ጥቁር ደለል እንዳለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነግሯቸው ነበር። እኔን መላክ ስለማይቻል ዓሣ አጥማጁን ቢለምኑት በታንኳ ወሰዳቸው። ጭቃውን በእጃቸው እየዳሰሱ ቀዱት። ከዚያ በኋላ ከቤት አልወጡም። ከአልጋ ሆነው ጠዋት ማታ "ውሃዬ ደህና ነው?" ይላሉ። እትዬ ዘሀራ ደህና ነው ይሏቸዋል። "አደራ፣ ውሃዬን" ይላሉ። እኔ የመረመርኋቸውን ጠርሙሶች ሐይቁ ዳር እየደፋሁ አጥቤ ስለነበር ውሃ ያለበት የቀረው ያ ብቻ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ልትገባ ስትል አየኋት።

አየኋት ማለት አልችልም፤ ግን እንዲህ ነበር። ከአሸዋ ፍንካች አጠገብ አንድ እንቁላል የመሰለ ነገር ነበረ። ውስጡ ሁለት የጎበጡ፣ ሰማያዊ አረንጓዴ። ትንሽ ተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ቅርፊቱ ጡብ መሆኑን ለማየት ማጉያውን ሳዞር መስታወቱ ላይ ያለው ብርሃን ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ፀሐይ ገባች። ጠብታዋን እንደ ሕጉ ወደ ጠርሙሱ መለስኋት፤ ጠርሙሱን ማይክሮስኮፑ አጠገብ አስቀምጬ ወደ እሳቸው ክፍል ሄድሁ። እትዬ ዘሀራን በሩ ላይ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አገኘኋቸው። መምህር እንድሪስ ስንት ቀን እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም ነበር፤ ገና አሁን ሸለብ ማድረጋቸው ነው።

"የሚያስቸኩል ነው፣ ልጄ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ነገ ይደርሳል አልኋቸው። ጠዋት የጓሮው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ቀድማ ትወጣለች፤ እዚያ ደግሜ አይቼ፣ ልቤ ረግቶ፣ እሳቸው ሲነቁ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብሁ። እሳቸው ራሳቸው የሚሉኝ ይህንኑ ነው። ወደ ቤቴ ስሄድ ምን ብዬ እንደምጀምር በመንገድ ሁሉ ቃል ስመርጥ ነበር።

ሐሙስ የሆነውን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ከእናቴ ጋር ስንደርስ ግቢው በቅሬው ሰው ሞልቷል። ድንኳን እየተተከለ ነበር። መምህር እንድሪስ በእንቅልፋቸው እንዳሉ ነው ያረፉት፤ እትዬ ዘሀራ ለሱብሒ ሶላት ሊቀሰቅሷቸው ሲገቡ ቀዝቅዘው አገኟቸው። ውስጥ ያጥቧቸው ነበርና የእሳቸው ክፍልና የመስኮቱ ክፍል ተዘግተዋል። ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥሁ። መስኮቱ ጋ አንድ ጠርሙስ አለ፣ እንዳይነካ ብዬ ለሰው መናገር ፈልጌ ነበር። ለማን ይባላል? ሰው ሞቶ ሬሳ እየታጠበ ስለ ጭቃ ውሃ ምን ብሎ ይጀመራል? ተነሥቼ ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስሁ። ኋላ ቃሬዛው ወጣ፤ ሴቶቹ አለቀሱ፤ ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ሄዱ። እኛ ቤት ቀረን።

ከሰዓት በኋላ የመስኮቱ ክፍል ሲከፈት ገባሁ። ማይክሮስኮፑ አለ። ጠርሙሱ የለም።

እትዬ ዘሀራ ከኋላዬ ገቡ። ጠርሙሱ በእጃቸው ነበር፤ ባዶ። ወንዶቹ ከቀብር መልሰው ማምጣታቸው ነው። አፈር ከተመለሰ በኋላ ቀብር ላይ ውሃ ይረጫል፤ ልማዳችን ነው። ጠዋት ውሃ ስጡን ሲሏቸው እትዬ ዘሀራ የቧንቧ ውሃ ለመስጠት ልባቸው እንቢ አላቸው።

"አደራ ውሃዬን ሲለኝ ነው የሰነበተው" አሉ። "ለዚህ ቀን ማስቀመጡ ነው ብዬ። ከራስጌው እስከ ግርጌው አዳርሰው ረጩለት፤ ጠብታም አላስቀረንም አሉኝ።" ዓይናቸው ከልቅሶ አብጧል፤ ፊታቸው ግን አንድ ነገር እንደሞላለት ሰው ነበር። "አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጄ። ውሃው ምን ነበረበት?"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መጮህ የፈለግሁበት ጊዜ የለም። ትላንት እዚህ መስኮት ላይ ነበረች ብል ማን ይጠቀማል? እሳቸው አይሰሙም። እህታቸው ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

"ሲጠብቁት የነበረ ውሃ ነው፣ እትዬ" አልኋቸው።

"አውቄያለሁ" አሉና ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያዙት።

በማግሥቱ ዓርብ ማለዳ፣ ለቀስተኛ ሳይበዛ፣ ሄጄ ጠርሙሱን ለመንኋቸው። ላጥበው ነው ብዬ አልዋሸሁም፤ ለጥቂት ሰዓት ስጡኝ ብቻ አልሁ፤ ሰጡኝ። ከሥሩ ዙሪያውን የተጣበቀ የጥፍር ጠርዝ የሚያህል ደለል ነበረ። ማይክሮስኮፑን ወደ ጓሮው ደጃፍ አወጣሁና በባጃጁ መስታወት የጠዋቷን ፀሐይ ያዝሁ። ደለሉን በውሃ አለስልሼ ጠብታ በጠብታ በዓይን መድኃኒቱ ብልቃጥ አነሣሁ። አሸዋ አየሁ። የደንገል ስባሪ አየሁ። አንድ እንቁላል የመሰለ፣ ጡቡ ጥርት ብሎ የሚታይ ቅርፊት አገኘሁና መስታወቱን አስተካከልሁ። ባዶ ነበር። እንዲህ ያለ ቅርፊት ሆዷ ባዶ የሆነች ሌላ ፍጥረትም ትለብሳለች፤ ማስረጃ አይሆንም። እያንዳንዷን ጠብታ ወደ ጠርሙሱ መለስሁ። ፀሐይዋ ከደጃፉ እስክትሸሽ ቀጠልሁ።

ከድንኳኑ በኩል ሰዎች ቁርአን ሲቀሩ ይሰማል። ጠርሙሱን ሳነሣ የእሳቸውን ጽሑፍ አየሁት፤ ዓይናቸው ሳያይ የጻፉት፣ ወደ ታች የተንሻፈፈ፦ ከገዳሙ በታች፣ ደንገሉ ሥር። ከሥሩ ያለው ቦታ ባዶ ነው። እዚያ የሚጻፈው ከሁለት ቃል አንዱ ነው፤ አንደኛውን አንድ ቀንም ጽፈውት አያውቁም። እስክሪብቶ አውጥቼ ብዙ ተቀመጥሁ። ታየ ብዬ ብጽፍ ያውቁብኛል። አልታየም ብዬ ብጽፍ ረቡዕን መካድ ነው።

ከጽሑፋቸው ሥር፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ "ተደግሞ አልታየም" ብዬ ጻፍሁ። ጠርሙሱንም ወስጄ መስኮቱ ላይ ከሌሎቹ ተርታ አስቀመጥሁት።